የወይዘሮ ውቢት ሙላው የሕይወት ታሪክ፣ ስትቀናባቸው በኖረች እህታቸው የተጻፈ

ወይዘሮ ውቢት ሙላው ከአባታቸው ከአቶ ሙላው ይመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ገበያነሽ እንድሪስ፣ በወሎ ክፍለ ሀገር በደሴ ከተማ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1948 ዓ.ም. የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ይህን የምትጽፈው ታናሽ እህታቸው ዘነበወርቅ ከአራት ዓመት በኋላ ስትመጣ መልኩም፣ ድምፁም፣ የእናት ጉያውም ተይዞ ጠበቃት።

ወይዘሮ ውቢት ትምህርታቸውን እዚያው ደሴ አጠናቀው በ1967 ዓ.ም. በቴሌኮሙኒኬሽን በስልክ ኦፕሬተርነት ተቀጠሩ። ከተማው ሁሉ ድምፃቸውን ያውቀው ነበር። ዘነበወርቅም እዚያው መሥሪያ ቤት አመልክታ “ድምፅሽ ሻካራ ነው” ተብላ ተመለሰች። ወይዘሮ ውቢት በ1981 ዓ.ም. ከአቶ ግሩም ታደለ ጋር ጋብቻ መሥርተው አንዲት ልጃቸውን ሄርሜላን ወለዱ። እ.ኤ.አ. በ1998 ዲቪ ደርሷቸው ከነቤተሰባቸው አትላንታ ገቡ፤ መሐል ከተማ ባለ አንድ ሆቴል የልብስ እጥበት ክፍል ውስጥም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሃያ ዓመት ሠሩ።

እ.ኤ.አ. በ2000 ግራንት ፓርክ በሚባለው የአትላንታ ሰፈር ቤት ገዙ። ያኔ አበሻው ሁሉ ወደ ከተማው ዳር ይሸሽ ነበርና ያላማቸው ሰው የለም። ቤቱ መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው የእንጨት ቤት ነው፤ ወለሉ ሲረገጥ ያቃስታል፣ ነፋስ ባለ ቀን ደግሞ ሰፈሩ ውስጥ ካለው መካነ እንስሳት የአንበሳው ድምፅ ሳሎን ድረስ ይገባል። ዘነበወርቅ በ2003 ስትመጣ ፎቁ ላይ ባለችው ክፍል ሁለት ዓመት አስቀመጧት። እሷም ከባለቤቷ ጋር ከከተማው ዳር ዱሉዝ አዲስ ቤት ስትገዛ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለእህቷ አዘነችላቸው።

ሐዘኑ ብዙም አልቆየም። ሰፈሩ ተፈላጊ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ያንን አሮጌ ቤት ፎቶ ያነሳ ጀመር። ወይዘሮ ውቢት በእግራቸው ፓርክ ደርሰው ሲመለሱ፣ ዘነበወርቅ ሀይዌይ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ የሰው መኪና ጀርባ ታያለች።  ወይዘሮ ውቢት ግን “ምቀኛ አታሳጣኝ ይባላል፣ እኔ ምቀኛም የለኝ” እያሉ ይስቁ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2009 እናታቸው ወይዘሮ ገበያነሽ ለስድስት ወር መጡ። ስምምነቱ ሦስት ወር ታላቋ ጋ፣ ሦስት ወር ታናሿ ጋ ነበር። ዱሉዝ የቆዩት አሥራ አንድ ቀን ነው። ከጋራዥ ወጥቶ ወደ ጋራዥ ከሚገባ መኪና በቀር የሚያልፍ ቢያጡ “እዚህ ሰፈር ሰው አልቋል እንዴ? ውሰዱኝ ወደ ውቢት” አሉ። ግራንት ፓርክ በረንዳ ላይ ሲቀመጡ አላፊው ሁሉ ሰላም ይላቸዋል። የጎረቤቷ የሚስ ዶሪስ በረንዳም ፊት ለፊት ነበር፤ ሁለቱ አሮጊቶች ቋንቋ ሳይግባቡ ቀኑን ሙሉ ይስቁ ነበር። እናታቸው አገራቸው በገቡ በሁለተኛው ዓመት ዐረፉ። ለዘነበወርቅ የደረሷት አሥራ አንዱ ቀናት ብቻ ናቸው፤ ለዚህም ያንን ቤት ይቅር አላለችውም።

አቶ ግሩም እ.ኤ.አ. በ2012 ካረፉ በኋላ ወይዘሮ ውቢት የበሰበሱትን የፊት መስኮቶች በፕላስቲክ አስቀየሩ። ሰፈሩ ታሪካዊ ስለሆነ በመንገድ በኩል የሚታይ ነገር ያለ ከተማው ፈቃድ አይነካም። ለእህታቸው ደውለው “ዘኑዬ፣ ያለ ፐርሚት ቼንጅ አደረግኳቸው እኮ፤ ማን ያየኛል?” ብለው ሳቁ። በማግስቱ ዘነበወርቅ ከምትሠራበት መጋዘን በእረፍት ሰዓቷ ለከተማው ቢሮ ደወለች። አድራሻውን ተናገረች፤ ስሟን አልተናገረችም።

በሳምንቱ ደጃፋቸው ላይ መስኮቶቹ ይነሱ የሚል የከተማው ቀይ ወረቀት ተለጠፈ። አዲሶቹ መስኮቶች ወጡ፣ አናጢው ቶሎሳ በእንጨት ሠርቶ እስኪጨርስ ወይዘሮ ውቢት ክረምቱን በላስቲክ በተሸፈነ ቤት አሳለፉ። የጠቆመባቸውን ሰው ሲያስቡ ሚስ ዶሪስ ላይ ወደቁ፤ መስኮቶቹን ከሳቸው በላይ የሚያያቸው አልነበረማ። ሰላምታ ነሷቸው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል የኖረው እውነት ነበር፤ ዘነበወርቅ የቅርቧን ነጠቀቻቸው። ከዐሥር ዓመት በላይ አይታ ዝም አለች። ደስ ያላትም ጊዜ ነበር።

ወይዘሮ ውቢት ባለፈው ዓመት የጣፊያ ካንሰር እንዳለባቸው ሲነገራቸው ዘነበወርቅ ልታስታምማቸው መጥታ ፎቁ ላይ ባለችው ክፍል ገባች። ልትነግራቸው ሦስት ጊዜ አፏን ከፍታለች። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ወይዘሮ ውቢት ዳቦ አስጠቅልለው “ለዶሪስ ውሰጂላት፤ ይቅር ብዬሻለሁ ብላለች በያት። ይህን ይዤ መሄድ አልፈልግም” አሏት። ወሰደች። ሚስ ዶሪስ ዳቦውን ተቀብለው “እኔ ግን ምን አድርጌአት ነው?” ሲሉ ጠየቁ። ዘነበወርቅ “አላውቅም” አለች። ተመልሳም “አመስግናለች” አለቻቸው።

ወይዘሮ ውቢት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 9 ቀን 2025 በተወለዱ በ69 ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ። ሄርሜላ “አክስቴ፣ ላይክ፣ ደስ የሚል ነገር ጻፊላት” ብላለች። አማርኛ ትሰማለች እንጂ አታነብምና ይህን የምትሰማው እንደ እናንተው አሁን ነው።

ይህን በቀብሩ ላይ የሚያነቡልን ሰው እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንዲሉ ጸሐፊዋ ትለምናለች። ሚስ ዶሪስ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ አማርኛ አያውቁምና የተባለውን አልሰሙም። ዘነበወርቅ አጠገባቸው ሄዳ በገዛ አፏ በእንግሊዝኛ ትነግራቸዋለች። ስትመለስ ንባቡ ይቀጥላል።

ወይዘሮ ውቢት ከልጃቸው ከሄርሜላ፣ ምንም ካልበደሏቸው ጎረቤታቸው ከሚስ ዶሪስ፣ በመጨረሻም ከእህታቸው ከዘነበወርቅ ተለይተዋል። ለማጽናናት የመጣችሁ ወገኖች ዘነበወርቅን እግዜር ያጥናሽ ከማለታችሁ በፊት ሚስ ዶሪስን በሉልን።

እህታችን፣ ምንም ያልበደለቻቸውን ሴት ይቅር ብለው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ማረፊያ ያስገባልን፤ እውነቱንም ሲነግራቸው ቀስ አድርጎ ይንገራቸው። አሜን።