ለማላውቀው ሰው የሰጠሁት

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣

እቴቴ፣ እንዴት ሰነበትሽ? የእግርሽ እብጠት ቀነሰልሽ? ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል ያልሽኝስ? እኔ ደህና ነኝ እንዳልልሽ ልቤ አላርፍ ብሎኛል፤ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ስቀድ፣ ጽፌ ስቀድ፣ ይኸው አራተኛው ነው።

ሐኪሙ ከወንድም የተሻለ ኩላሊት ሰጪ አይገኝም እንዳለሽ፣ መቼ መጥቼ እንደምመረመርም እየጠበቅሽ እንደሆነ ጽፈሽልኛል። ለምርመራ አልመጣም። ወረቀቱን እንዳትጥዪው፣ እባክሽ ጨርሺው።

ያንን ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር ያቋቋምነውን፣ የምንሰጠው ብዙ ሰው እንዲያድን እያሰላን የምንረዳበትን ማኅበር ታውቂዋለሽ። ልጅ ሆነህም ዳቦ በማስመሪያ ለክተህ ነበር የምታካፍለን እያልሽ የምትስቂበትን። እዚያ፣ አንድ ሰው ብቻውን ብዙ የሰው ዕድሜ የሚያተርፈው በምን ዓይነት ስጦታ ነው እያልን ስንከራከር፣ ሁለት ኩላሊት ይዞ መዞር ስስት መሰለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት አንዱን ስሙን ለማላውቀው ወጣት ሰጠሁ። የሥራ ጉዞ ነው ብዬ የጠፋሁት ያኔ ነው። ማንንም አላማከርኩም። የሆስፒታሉ ቅጽ ላይ ከቤተሰብ የኩላሊት ሕመም ያለበት አለ ወይ ይላል፤ ማንንም ሳልጠይቅ የለም ብዬ ሞላሁ። በዚያው ሰሞን ደውለሽ ጫማዬ እምቢ አለኝ ስትዪኝ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ ብዬ ዘጋሁብሽ።

ወጣቱ በመዳኑ አልጸጸትም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ወደ ማኅበሩ ሮጬ፣ ከእናንተ አንዳችሁ ተመርመሩላት ብዬ ለመንኩ። አንድም እሺ ያለ የለም። በመጨረሻ ሰብሳቢው፣ እህትህ ሃምሳ ሊሞላት ነው፣ ስኳርም አለባት፣ ለወጣት ቢሰጥ የሚተርፈው ዕድሜ ይበልጣል አለኝ። በንዴት ጦፍኩ። ግን ቃል በቃል የራሴ ንግግር ነው፤ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤትሽ ግን ማንም ሳይጠይቃት ልመርመር ማለቷን፣ ደማችሁ አልስማማ ሲል ደግሞ ቁጭ ብላ ማልቀሷን እማዬ ነግራኛለች። አፈርኩ እቴቴ። የሰውን ልጅ ሁሉ እወዳለሁ እያልኩ፣ የገዛ እህቴን እግርሽ ምን ሆነ ብዬ አልጠየቅኩም።

ለእማዬ አሁን ምንም አትንገሪያት፤ እሱ ካልቻለ እኔ ልስጣት ማለቷ አይቀርም። ራሴ እነግራታለሁ። ፈቃድ ወስጃለሁ፣ እሑድ እመጣለሁ። የኩላሊት እጥበት ባለሽ ቀን ሁሉ እኔ አደርስሻለሁ፤ እስኪያበቃም አጠገብሽ እቀመጣለሁ። ፊትሽን ብታዞሪብኝም ከወንበሩ አልነሳም። ሌላ የምሰጥሽ የለኝም።

ፈጣሪ እስክደርስ ያቆይሽ።

ታናሽ ወንድምሽ