ድንጋዩንም ንገራቸው፦ የ«ቲቸር ንኩት» የሕይወት ታሪክ

መምህርት እህታችን ከጉድጓድ ቆፋሪ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው፣ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ይህን የማነበው ታናሽ ወንድማቸው ነኝ። ቤት ውስጥ «አንቺ» ነበር የምላቸው፤ ዛሬ ወግ ነውና አንቱ ብያለሁ። ቢሰሙኝ ይስቁብኝ ነበር።

ዕድሜያቸው ሲደርስ ትምህርት ቤት ገቡ። አንድ ቀን «ቤዝ፣ እንደ ሳሙና ያለው ነገር፣ መራራ ነው» የሚል ተምረው መጡና የእናታችንን ሳሙና ላሱ። እናታችን የሰው ልብስ ትተው የልጃቸውን አፍ ሲያጥቡ ዋሉ። ያ ሁሉን ራሳቸው የመሞከር አመል እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም። በሃያ ሁለት ዓመታቸው ከኮሌጅ ተመርቀው የኬሚስትሪ፣ የባዮሎጂና የመሬት ሳይንስ መምህርት ሆኑ፤ ጡረታ እስኪወጡም ከዚያው ትምህርት ቤት አልተነቃነቁም።

ለጀማሪ ተማሪ ከሁሉ አስቀድመው ቃላቱን ነበር የሚያስተምሩት። ነገሩን በእጁ ያልያዘ ተማሪ ቃሉን ደብተሩ ላይ አይጽፍም። «ሕዋስ» ለመጻፍ የሽንኩርት ልጣጭ በማይክሮስኮፕ ማየት ግድ ነው፤ «ድብልቅ» ለመጻፍ ጨውና አሸዋ ቀላቅሎ መልሶ መለየት። «ንኩት፣ ንኩት» ሲሉ ስለሚውሉ ተማሪዎቹ «ቲቸር ንኩት» አሏቸው። ስሙ ጆሯቸው ሲደርስ ወደዱት እንጂ አልተቆጡም።

አናጺ አግብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው አሳምረው የሠሩላቸው ቁም ሣጥን ልብስ ሳይሆን ድንጋይ ሞላበት። እኚያ ደግ ሰው አንድ ቀንም ሳያጉረመርሙ ከእርሳቸው ቀድመው ዐረፉ።

ከድንጋዮቹ ሁሉ የሚሳሱለት አባታችን ከቁፋሮ ያመጡላቸው ነጭ ድንጋይ ነበር። በጥፍር ሲፍቁት እንደ ጥጥ ይፈለቀቃል፤ ቃጫውን እሳት ላይ ቢይዙት አይነድም። «ማዕድን» የሚለውን ቃል በእሱ ነበር የሚያስተምሩት። በየዓመቱ ተማሪው ሁሉ ከድንጋዩ እየነጨ ነበልባል ላይ ያዘው። ትምህርቱ ሲያልቅ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ብናኝ እፍ ብሎ ማጥራት ትልቅ ክብር ነበር። ልጃቸው እዚያ ክፍል በተማረችበት ዓመት ክብሩን ለእሷ ሰጧት።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ሳል ያዛቸው፤ ትንፋሽ አጠራቸው። ሐኪሙ የደረታቸውን ራጅ አይተው ፋብሪካ ሠርተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቋቸው። እህቴ ወደ እኔ ዞር ብለው ድንጋዩን አምጣ አሉኝ። በፌስታል ይዤ ብቀርብ ሐኪሙ እንዳልፈታው እጄን ያዙኝ። ሲመረመር አስቤስቶስ ሆኖ ተገኘ። ቃጫው ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። የነካው ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፣ ግን ይታይ አሉ ሐኪሙ።

ከዚያ ወዲህ እህቴ ስለ ራሳቸው መጨነቅ ተዉ። ስልክ ቁጥሩን ላገኙት ተማሪ ሁሉ ደረታችሁን ተመርመሩ እያሉ ሲደውሉ ከረሙ። ተማሪዎቹ ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ምንም አልሆንንም፣ አይጨነቁ እያሉ ያጽናኗቸው ነበር። አንጀቴ ያረረው ያን ጊዜ ነው። አጽናኑኝ ያላቸው ማን ነው? ልጃቸውም እናቷን ስታስታምም ለራሷ ጊዜ አጣች፤ ነገ ሄጄ እታያለሁ እንዳለች ሰነበተች። እህቴ ጠዋት ጠዋት «ታየች?» ይሉኛል። ድምፃቸው ሲዘጋ በቅንድባቸው ይጠይቁኝ ጀመር።

ይህ እንዳይነበብ የለመኑኝ ዘመዶች አሉ፤ በቀብር ቀን ሟችን ማሳጣት ነው ብለው። ይቅርታ ያድርጉልኝ። እህቴ ድምፅ ሳያጡ በፊት እጄን ጨብጠው እንዲህ ብለውኛል፦ «ስሄድ ዲግሪዬን ብቻ አታንብብላቸው። ድንጋዩንም ንገራቸው።»

ባለፈው ሐሙስ ማለዳ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። አንዲት ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን፣ እንዲሁም እዚህ የቆማችሁትን ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። ተማሪዎች ሆይ፣ ለእርሳቸው ስትሉ ደረታችሁን ታዩ።

አፈርን ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ አፈሩ ይቅለላቸው። ፈጣሪ ትንፋሽ በማያጥርበት ቦታ ያሳርፍልን።

አንቺም የእህቴ ልጅ፣ ነገ ጠዋት በርሽ ላይ ቆሜ ታገኚኛለሽ። ሐዘን ላይ ነኝ ብትይኝ አልሰማሽም፤ እናትሽ መልስ ሳያገኙ ነው የሄዱት።