ጣሊያን የጠገነው ወፍጮ

ለተወደድሽው ልጄ ለጥሩሸዋ፤ ሰላምታዬ እንደ ጓሳ ሣር በዝቶ ይድረስሽ። እኛ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነን።

አስተማሪ ነበርሁና ነገሩን በተራ ልንገርሽ። ጣሊያን በቦዩ ዳር ያለውን ጥንታዊ የውሃ ወፍጮ ጠግኖ ሕዝቡ እንዲጎበኘው አዘዘ። እናትሽም በዱር ላለው ወንድምሽ ለወዳጆ ስንቅ የቆላችውን ገብስ ለማስፈጨት ይዛ ከእኔ ጋር ሄደች። በር ላይ የቆመው ባንዳ ስልቻውን አሽትቶ፣ «እሜቴ፣ ይህ በሶ ለየትኛው ሽፍታ ነው?» አላት።

«በድዳቸው ለቀሩት ባሌ ነዋ! ካላመንህ አፋቸውን እይ!»

አፌን ከፍቼ አሳየሁት። አጠገቡ የቆሙት ወታደሮች ሳቁ፤ ገብሱም ተፈጨልን።

በሶውን ወዳጆ ከሚወስድበት ዋሻ አደረስሁ። ባለፈው ወር ያደረስሁለት ስልቻ ከነማሰሪያው እዚያው አለ። አቧራውን አራግፌ አዲሱን ከጎኑ አኖርሁት። ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶት ይሆናል።

እናትሽ ዛሬም ገብስ እየቆላች ነው።

የምንገናኝበትን ቀን ፈጣሪ ያቅርብልን።

አባትሽ አበጀ