የእህቴ ክኒንና የእኔ አንገት

ሰኞ፣ ጥር 17 ቀን 1974

ዛሬም ግማሽ ክኒን ዋጥኩ። የእኔ አይደለም፣ የታላቅ እህቴ የእትዬ ዘነበች ነው። ልቧ እየመታ፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይኗ እየፈጠጠ ሲያስቸግራት «የእንቅርት ዕጢ ነው» ተብሎ የታዘዘላት። የእኔም አንገት ማበጥ ሲጀምር እማዬ «የእህትሽ በሽታ ነው፣ ክኒኑን ተካፈሉት» አለች። እኛ ቤት መድኃኒት እንደ ዳቦ ይቆረሳል።

ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ እየባሰብኝ ነው። በጠራራ ፀሐይ ሹራብ እለብሳለሁ። ፀጉሬ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። ድምፄ ጎርንኗል። ቀሚሴን ሁለት ጊዜ አስፍቻለሁ፣ ደግነቱ ልብስ ሰፊ ነኝ። ትናንት ስፌት መኪናዬ ላይ እያንቀላፋሁ የሰው እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። ጌጃ ሰፈር በዚህ አያውቀኝም።

ነገ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። እማዬ ደስ አላላትም፤ እሑድ የታናሽ እህታችን የሰናይት ሽማግሌዎች ይመጣሉ። «ከሄድሽም በዘራችን ማንም የለበትም በይ» አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 18

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ግን አይቸኩልም። ከኋላዬ ቆሞ አንገቴን እየዳሰሰ ውኃ አስዋጠኝ። ወንበር ላይ አንበርክኮ ከተረከዜ በላይ ያለውን ጅማት በጎማ መዶሻ መታ። እግሬ እንኳ ተንቀሳቅሶ ለመመለስ ሰነፈ።

«ከቤተሰብ እንዲህ የሆነ አለ?»

«የለም» አልኩ፣ እንዳጠናሁት።

«የሚወስዱት መድኃኒትስ?»

እዚህ ላይ ተያዝኩ። የሌለች እህት ክኒን ከየት ይመጣል? ሁሉንም ዘረገፍኩለት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «የእህትዎ ዕጢ ከመጠን በላይ ይሠራል፣ የእርስዎ ደክሟል። ያ ክኒን የሚሮጠውን ማስታገሻ ነው። እርስዎ ጭራሽ የደከመውን ሲያስሩት ከረሙ።»

መነሻው ግን አንድ ነው አለ። ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቀው ኃይል ተሳስቶ ዕጢውን ያጠቃል፤ አንዷ ላይ ያስሮጠዋል፣ ሌላዋ ላይ ያደክመዋል። በዘር የሚወርደው ዝንባሌው ነው፤ የወረሰው ሁሉ አይታመምም። ሴቶች ላይ ይበዛል።

«ጥበቃው የገዛ ቤቱን ሰው ጠላት ብሎ ያዘ ማለት ነው» አልኩት። ወደ በሩ አየና «እንደሱ ይበሉት» አለኝ። ስለ ቀበሌው ጥበቃ ሌላም ልጽፍ ነበር፣ ተውኩት።

ለእኔ ሌላ ክኒን ሰጠኝ፣ ጠዋት በባዶ ሆድ። ደሜም ተወሰደ። እናትዎንና እህቶችዎን ካላመጡ እንደማለት ነው ያየኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 19

ስለ ሰናይት እያሰብኩ ነው። የሽማግሌ ቀን የምትለብሰውን ቀሚስ በአንድ ወር ሁለት ጊዜ አጠበብኩት። መዳፏ ላብ ብቻ ነው። ብርጭቆ ስትይዝ ይንቀጫቀጫል። ሁሉም «ሙሽራ ናት፣ ፈርታ ነው» ይላል። እኔም እንደዚያ ስል ነበር።

ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት «ሽማግሌዎቹ ይሂዱና እንሄዳለን» አለችኝ። እምቢ አልኩ። ሳይታከም ከተረገዘ ለእናትም ለልጅም ክፉ ነው ብሎኛል ሐኪሙ። ፈርቻለሁ፣ ግን ፍርሃቴ ሥራ አላስፈታኝም፤ አርብ ይዣት እሄዳለሁ። እማዬ ከትናንት ጀምሮ አታናግረኝም።

አርብ፣ ጥር 21

የሰናይትም እንደ እትዬ ዘነበች ነው። ክኒን ታዘዘላት። በር ላይ አለቀሰች፣ ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ «ግርማ ሳይነገረው አላገባም» አለች። ግርማ እጮኛዋ ነው፣ ማተሚያ ቤት ይሠራል።

እማዬ «ቤቴን አፈረስሽው» አለችኝ። ቆይታ ራሷ ጀመረች። የእሷም እናት አንገት አብጦ ነበር። ኋላ ሰውነቷ ከበደ፣ ምድጃ ሥር ተቀምጣ በብርድ ትንቀጠቀጣለች፣ ሲጠሯት ቶሎ አትነሳም። «ሰነፍ እያልናት ሞተች» አለች እማዬ። እጇን ያዝኩ። ሁለታችንም አለቀስን።

እሑድ፣ ጥር 23

ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ ስለነበር ሽማግሌዎቹ ከሰዓት መጡ፣ ሦስት ሆነው። ተቀምጠው ሳያበቁ እማዬ ተናገረች። እናቷን፣ እትዬ ዘነበችን፣ እኔን፣ ሰናይትን። አንድም አላስቀረችም። እንዲህ ኮርቼባት አላውቅም።

ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «እኛም ሳንናገር ልንሄድ ነበር፤ ልጁ አስም አለበት» አሉ። አጠገባቸው ያሉት በክርናቸው ጎሸሟቸው። ሦስተኛው ግን ፊታቸውን አልፈቱም። «ተማክረን በስምንት ቀን» ብለው ተነሡ።

ሰናይት ጓዳ ሆና ሰምታለች። እራት አልበላችም፣ ክኒኗን ግን ዋጠች።

ማክሰኞ፣ ጥር 25

እኔ ዛሬ ሹራቤን ቀደም ብዬ አወለቅሁ። መድኃኒቱ ይሁን ፀሐዩ አላውቅም፤ በሳምንታት ነው የሚታወቀው ተብያለሁ።

ከሰዓት ግርማ ብቻውን ሱቄ መጣ። ሽማግሌዎቹ ገና አልተስማሙም አለኝ፣ አንደኛው እምቢታቸውን አጥብቀው ይዘዋል። ቆሞ የክር መደርደሪያዬን ሲያይ ቆየ። ሊሰናበተን የመጣ መሰለኝና መቀሴን አስቀመጥኩ።

«እትዬ የሺ፣ መድኃኒቷን በቀን ስንቴ ነው የምትወስደው?»

«ሦስቴ» አልኩት።

ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ጻፈው። ቀጥሎ የምትወስድበትን ሰዓት ጠየቀኝ።