ወደ ጣሳው የተመለሰው ጠዋት

ካዛንቺስ፣ ቅዳሜ ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

የምናፍቅዎት አባዬ፣ አሰላሙ አለይኩም።

ይህ ደብዳቤ ኮምቦልቻ በአጎቴ በጃዋር በኩል ይደርስዎታል። ስደውል «ደህና ነኝ፣ ትምህርትህን ተማር» ብለው ስለሚዘጉት በወረቀት መጣሁ። ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም።

እማዬ ደህና ናት። ከግቢያችን ስድስት ቤት ለልማት ስለተነሳ፣ የውሃ ተራ በዕጣ የምናወጣበት የኒዶ ጣሳ ውስጥ የቀረነው ዘጠኝ ቤት ብቻ ነን። ሚኒባሷ አጥሩ ጥግ ቆማለች፤ ተራ አስከባሪው ጋሽ ሱሩር በየሳምንቱ እየመጣ ሞተሯን ያስነሳታል። እኔም የአሥራ አንደኛ ክፍል ፈተናዬን አልፈራሁትም፤ በተለይ ሒሳቡን።

ዋናው ጉዳዬ ግን ሌላ ነው። ወንድሜን ጀሚልን ከቀበርነው አምስት ወር ሞላ። ለቅሶው ላይ ለመጣው ሰው ሁሉ «ሃያ ዓመት በነዳሁበት ከተማ መንገድ ተሳሳትኩ። በፍልውሃ መሄድ ሲገባኝ በባምቢስ ሄጄ፣ ልጄ ሆስፒታል ሳይደርስ ትንፋሹ መኪናዬ ውስጥ አለቀ» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ የሚኒባሷን ቁልፍ እማዬ ጭን ላይ አስቀምጠው ወደ ኮምቦልቻ ሄዱ። እኔም ያን ጊዜ አንድ ነገር ወሰንኩ፤ በፍልውሃ ይሻል ነበር የሚለው እውነት መሆን አለመሆኑን በቁጥር ላጣራ።

ጀሚል ለስታቲስቲክስ ትምህርቱ ይጠቀምበት የነበረው ላፕቶፕ እኔ ጋ ነው። ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ትንሽ ትንሽ ፕሮግራም መጻፍም እሱ ነው ያስተማረኝ። የጎደለኝ ዳታ ነበር፤ እሱን ደግሞ የሰጡኝ ጓደኞችዎ ናቸው። ጋሽ ሱሩር ከታክሲ ተራው ለአርባ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሲል፣ ሁለት መኪና እኩል ለቀቀ፤ አንዱን በባምቢስ፣ አንዱን በፍልውሃ። ሾፌሮቹ ሆስፒታሉ ያለበት ሜክሲኮ ሲደርሱ ይደውሉለታል፣ እሱ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። አንድ ቀን ሾፌሩ ለታ «በፍልውሃ አልሄድም፣ እዚያ ሰው አይገኝም» ብሎ አንገራገረ።

ጋሽ ሱሩር በእርስዎ ስም ተቆጣው፤ «ለጦይብ ነው አልኩህ! አንድ ቀን ባዶህን ብትሄድ ትሞታለህ?»

«ለጦይብ መሆኑን መጀመሪያ አትነግረኝም? ለጦይብማ በእግሬም እሄዳለሁ» አለና ነዳ።

አማካይ ማውጣት ቀላል ነው፤ ደምሮ ማካፈል ነው። ችግሩ አርባ ጠዋት ትንሽ መሆኑ ነው። ሌላ አርባ ጠዋት ብንለካ ሌላ አማካይ ይመጣ ነበር። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ካሉን ጠዋቶች ውስጥ አርባ ጊዜ በዕጣ እያወጣ አማካይ እንዲያሰላ፣ ይህንንም አስር ሺህ ጊዜ እንዲደጋግም ይታዘዛል። አማካዩ ከዙር ዙር ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ሲታይ፣ ምን ያህል ልናምነው እንደሚገባ ይታወቃል።

የመጀመሪያው ፕሮግራሜ የባምቢስን አማካይ 32.9 ደቂቃ አለኝ። አስር ሺህ ጊዜ ደጋገመው፤ አስር ሺህ ጊዜ 32.9! «ፍጹም እርግጠኛ ቁጥር አገኘሁ» እያልኩ ወደ ሒሳብ መምህራችን ወደ ቲቸር መዝገቡ ሮጥኩ። መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ።

«ያወጣኸውን ዕጣ የት ታደርገዋለህ?»

«ውጭ አስቀምጠዋለሁ፣ ጣሳው ባዶ እስኪሆን ድረስ።»

«ማን እንደዚያ አድርግ አለህ?»

«በግቢያችን የውሃ ተራ እንደዚያ ነዋ! የወጣ ሰው ተመልሶ አይገባም።»

«ታዲያ አርባውንም አውጥተህ ከጨረስክ ያው አርባው አይደሉም እንዴ? ቅደም ተከተላቸው ብቻ ነው የተለወጠው። አንተ ልጅ፣ አስር ሺህ ጊዜ ያንኑ ነው የደመርከው! ያወጣኸውን እየመለስክ አውጣ። አንዱ ጠዋት ሦስቴ ይወጣል፣ አንዱ ጭራሽ አይወጣም።» ከዚያ ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረጉና ሳቃቸውን ተዉ። «የእናንተ ጠዋት የታለ?»

ሆን ብዬ ትቼው ነበር። አንድ ሰዓት ከሃያ ሁለት ተነስተን ሜክሲኮ የደረስነው ሁለት ሰዓት ከአስራ አራት ነበር። ሃምሳ ሁለት ደቂቃ፤ በባምቢስ ከተለካው ሁሉ ረጅሙ።

«የጠላኸውን ቁጥር ደብቀህ ያገኘኸው መልስ ለአባትህ ምን ይረባቸዋል?» አሉኝ። ጨመርኩት፤ የባምቢስ ጠዋቶች አርባ አንድ ሆኑ።

ትናንት እማዬ እንዲገባት በኒዶው ጣሳ አሳየኋት። አርባ አንዱን ጠዋት በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፍኩና፣ እያወጣች መልሳ እንድትከት ነገርኳት።

«የወጣ ይመለሳል እንዴ?»

«እዚህ ይመለሳል።»

አርባ አንድ ጊዜ አወጣች፣ እኔ መዘገብኩ። ስንጨርስ «ሃምሳ ሁለቱስ?» አለችኝ።

«አልወጣም። አንዳንዴ አይወጣም።»

ጣሳውን ምንጣፉ ላይ ገልብጣ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ፈታች። ሃምሳ ሁለቱን ስታገኘው መዳፏ ላይ አደረገችው። ትቀደዋለች ብዬ ፈራሁ። እንደነበረ አጠፈችና ጣሳው ውስጥ መለሰችው።

ኮምፒውተሩም ላይ እንደዚሁ ነው። ከአስር ሺው ዙር በሦስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ አንዱ ውስጥ ያ ጠዋት የለም። እነዚያን ዙሮች ለብቻቸው አውጥቼ ትንሽ አየኋቸው። ከዚያ ዘጋኋቸው፤ መልሱ የሚወጣው ከሁሉም ዙር ነውና።

መልሱ ይኸውልዎት። የባምቢስ አማካይ 33.4 ደቂቃ፣ የፍልውሃ 32.6። ልዩነቱ ሃምሳ ሰከንድ አይሞላም። እሱም ቢሆን አይጨበጥም፤ ከዙር ዙር ሲታይ አንዴ ፍልውሃ እስከ አራት ደቂቃ ይፈጥናል፣ አንዴ ባምቢስ ወደ ሦስት ደቂቃ ይፈጥናል። በፍልውሃ ሃምሳ አምስት ደቂቃ የፈጀ ጠዋትም አለ፤ የነዳው ደግሞ ከሁላችሁም ፈጣኑ ለታ ነው። ቲቸር መዝገቡ ሁለቴ ፈትሸውታል፣ ስህተት የለበትም። ያን ጠዋት በሌላው መንገድ ብንሄድ ምን ይሆን እንደነበር ቁጥሩ አይነግረኝም፤ እሱን አላህ ያውቃል። መታጠፊያው ላይ ሆኖ የትኛው እንደሚፈጥን ማወቅ የሚችል ሰው እንደሌለ ግን በደንብ ነግሮኛል። ሃያ ዓመት የነዳ ሾፌርም ቢሆን አያውቅም። የአስራ ስድስት ዓመት ልጅም ቢሆን አያውቅም።

ስለ አስራ ስድስት ዓመቱ ልጅ ትናንት ለእማዬ ነገርኳት። እርስዎ ወደ ፍልውሃ ሊታጠፉ ፍሬቻ አብርተው ነበር። ከኋላ የጀሚልን ራስ ጭኔ ላይ ይዤ «በባምቢስ! አባዬ፣ በባምቢስ ይሻላል!» ብዬ ስጮህ ነው ፍሬቻውን የመለሱት። ይህን ለማንም ትንፍሽ አላሉም። አምስት ወር ሙሉ ለሰው ሁሉ «እኔ ነኝ» አሉ፤ እኔም እያወቅኩ ዝም አልኩ።

እማዬ እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ከዚያ «እሱ እኔ ነኝ ይላል፣ አንተ እኔ ነኝ ትላለህ፤ እኔ ማንን ልቆጣ?» አለችኝ። ቀጥላም «ጻፍለት። የመንገዱንም፣ የጩኸቱንም ጻፍለት» አለች።

አባዬ፣ አረፋ ሁለት ሳምንት አልቀረውም። ጋሽ ሱሩር ስምዎን ከተራው አልሰረዘም። ጠዋት ጠዋት «ጦይብ!» ብሎ ይጣራል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ከበዓሉ በፊት ይምጡና ሦስታችንም ወደ ጀሚል መቃብር እንሂድ። እርስዎ ይነዳሉ፣ እማዬ ጋቢና ትቀመጣለች፣ እኔ ከኋላ እሆናለሁ። በፈለጉት መንገድ ይሂዱ፤ ፍሬቻ ሲያበሩ ከኋላ ድምፅ አይሰሙም።

አላህ ወንድሜን በጀነት ያኑርልን፤ ለእርስዎም መንገዱን ያቅናልዎት፣ በጤና ቤትዎ ያስገባዎት።

ልጅዎ
ቢላል ጦይብ