የሐይቅ ልጆች አዲሱ መድረክ

ሐይቅ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2014 ዓ.ም.

ጦርነቱ የበተናቸውን ሰዎች የምናፈላልግበትን የሐይቅ ልጆች የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ፣ ባለቤቱ ኩባንያ ምክንያቱን ሳይነግረን ከዘጋው ወር ሆነው። እኔና ኩዌት ያለው ጓደኛዬ ዘይኑ ሌላ ኩባንያ በማያዝበት በራሳችን ሰርቨር ሌላ መድረክ ከፈትን። ሰው ይከተለናል ብዬ ግን አላመንኩም ነበር።

ዛሬ ፋጡማ የምትባል ልጅ ከቤይሩት፣ «አርዲቦ ያለችው እናቴ በሕይወት አለች ወይ?» ብላ ጻፈችበት። እዚህ ከተማ የሚያስተምሩት መምህር ካሳ አንብበው እስከ አርዲቦ በእግራቸው ሄዱና የእናትየዋን ድምፅ ቀርፀው ላኩ።

«ፋጡማዬ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። አታልቅሺ፣ ልጄ።»

ደጋግሜ ሰማሁት። ዘይኑ ደውሎ፣ «አየሽ አይደል፣ ሐዋ?» አለኝ። ሪያድ ስድስት ዓመት የሰው ቤት ጠርጌያለሁ። ዛሬ ለአገሬ ሰው ማንም የማይዘጋበትን ቤት ከከፈቱት አንዷ እኔ ነኝ።