ምረቃ የጠበቀው የሕፃናት ማሞቂያ

ታላቅ እህታችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በወንዝ ዳር ባለ የሠራተኞች ሰፈር ተወለዱ። የቤቱ የበኩር ልጅ ስለነበሩ እኛን ታናናሾቻቸውን አዝለው አሳድገዋል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንደጨረሱ የእናታቸውን ሙያ ይዘው በሆስፒታሉ የስፌት ክፍል ተቀጠሩ። በሃያ አራት ዓመታቸው ከአምቡላንስ ሾፌር ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ።

አንድ ቀን አንሶላ ሊያደርሱ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ቢገቡ፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሦስት ሕፃናት በአንድ ማሞቂያ ውስጥ ተጣበው ተኝተው አዩ። እንቅልፍ አጡ። ጎረቤቱን አስተባብረው የበጎ አድራጎት ማኅበር አቋቋሙ። ለማሞቂያ መግዣ ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ ገንዘብ ሲለምኑ፣ ገበያተኛው «እሜቴ አምጡ» የሚል ስም አወጣላቸው። ከሩቅ ሲያያቸው ባንኮኒ ሥር የሚገባ ነጋዴም ነበር፤ እሳቸው ግን «ግዴለም፣ እስኪወጡ እጠብቃለሁ» ብለው በርጩማ ስበው ይቀመጡ ነበር። ባዶ እጃቸውን የሸኛቸው የለም።

አዲሱ ማሞቂያ ሲመጣ ለጋሾቹ ሪባን ይቆረጥ፣ ፎቶ እንነሣ አሉ። የክብር እንግዳው ከከተማ በመውጣታቸው ምረቃው ተላለፈ፤ ዕቃውም መጋዘን ተቆለፈበት። ነርሷ «ክፍሉ ሞልቷል፣ እባክዎ ያስከፍቱልን» ብላ ለመነቻቸው። እህታችን ለጋሾቹ ተቀይመው ነገ እጃቸውን እንዳይሰበስቡ ፈርተው «ትንሽ ታገሡ» አሉ።

በዚያው ሳምንት ልጃቸው ያለጊዜዋ ወለደች። ቁልፉ ፈቃድ ከወጡት ኃላፊ ጋር ነበር። በሩ ተሰብሮ ማሞቂያው እስኪሰካ የልጅ ልጃቸው ሕይወት አለፈ። ልጃቸውም ከዚያች ቀን ጀምሮ እናቷን አላነጋገረችም።

እህታችን በማንም አላሳበቡም፤ «ጥፋቱ የኔ ነው» ይሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ በእሳቸው በኩል የመጣ መሣሪያ ሁሉ ከመኪና ወርዶ በቀጥታ ክፍሉ ገብቷል። ደስ ያላለው ለጋሽ ሲያኮርፍ «ያኩርፋ!» ይሉ ነበር። ዛሬ በዚያ ክፍል ሁለት ሕፃናት በአንድ ማሞቂያ አይተኙም።

ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ የልብ ሕመም ጸናባቸው። የመጨረሻዎቹን ወራት ልጃቸው መጥታ አጥባ፣ አጉርሳ፣ አገላብጣ አስታመመቻቸው፤ ቃል ግን አልወጣትም። የሰው ሆድ ክፉ ነው! እህታችን በዓይናቸው እንደተከተሏት ባለፈው ሰኞ ረፋድ ላይ ዐረፉ። አንዲት ልጅና ሦስት ታናናሾች ትተዋል።

ልጃቸው ይህ በሁላችሁ ፊት እንዲነበብላት ጠይቃለች፦ «እማዬ፣ ይቅር ብዬሻለሁ። ነገ እነግራታለሁ ስል ቀደምሽኝ።»

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል፤ ይህንንም ቃል ካሉበት ያድርስልን።